ያገለገለ ክብር

ሰው መኪና ሲገዛ የሚገዛው ምንድን ነው? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ ቀላል ነው፤ አራት ጎማ፣ አንድ ሞተርና አንድ ሊብሬ የሚል መልስ አያጣም። ነገር ግን የገዢው አቅም የተወሰነ፣ ዓይኑ ያረፈበትም መኪና በጉብዝናው ወራት ባለጸጎችንና ሹማምንትን ሲያመላልስ ኖሮ ዛሬ ያረጀ የቅንጦት አውቶሞቢል ሲሆን ጥያቄው ከጋራዥ ወጥቶ ወደ ሥነ ምግባር መድረክ ይሸጋገራል። በዚህ ጊዜ ለሽያጭ የቀረበው ብረት ብቻ አይደለም፤ ከብረቱ ጋር ክብርም ቀርቧል። ለመሆኑ ክብር ያገለገለ ሊሆን ይችላልን? ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅስ በውል ይተላለፋልን?

አዳማ ይህን ጥያቄ ለመመርመር የተመቸች ከተማ ናት። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰው የምድር ባቡር ጋር ያደገች፤ ወደ ድሬዳዋና ጅቡቲ፣ ወደ አሰላም የሚያቀኑ መንገዶች የሚለያዩባት፤ ጋሪና ባጃጅ፣ ከባድ መኪናና የቤት መኪና በአንድ አስፋልት የሚጋፉባት የመንገደኞች ከተማ ናት። በ2007 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ፣ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ ከተማይቱን ለዋና ከተማው ይበልጥ አቀረባት። መንገዱ ሲሻሻል የመኪናው ፍላጎት አደገ። ከቢሾፍቱና ከሞጆ እስከ መቂ፣ ባቱና ሻሸመኔ በሚዘልቁት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች የቤት መኪና መያዝ የተሳካለት ሰው ምልክት ሆኖ መታየቱም የአደባባይ ምስጢር ነው።

ለምሳሌ ያህል በዚህች ከተማ የሚኖር አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ይታሰብ። ለዓመታት የጣለው ዕቁብ ደርሶታል፤ ባለቤቱም ከአነስተኛ ንግዷ ያጠራቀመችውን ጨምራለች። ደላላው ሦስት መኪናዎች ያሳየዋል። አንደኛው ትንሽ ቪትዝ፣ ሁለተኛው በአገሩ አጠራር ዲኤክስ የሚባለው አሮጌ ኮሮላ፣ ሦስተኛው ደግሞ ጥቁር ማርቸዲስ ነው። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። መምህሩ ሁለቱን በዓይኑ፣ ሦስተኛውን በልቡ ያያል። የበሩን መዝጊያ ድምፅ ይሰማል፤ የቆዳውን ወንበር ይዳስሳል፤ በትምህርት ቤቱ ቅጥር ግቢ ሲገባ የሚከተሉትን ዓይኖች ያስባል። ይህ ሰው ተሳስቷልን?

ችኩል ፍርድ የሚሰጡ ሁለት ወገኖች አሉ። የመጀመሪያው ወገን «ከንቱ ውዳሴ ፈላጊ ነው» ብሎ ይኮንነዋል። ሁለተኛው ወገን «ገንዘቡ የራሱ ነው፤ ምን አገባን?» ብሎ ያልፈዋል። ሁለቱም ፍርዶች ከእውነት ጥቂት ጥቂት ይይዛሉ፤ ነገር ግን ሁለቱም ነገሩን ሳይመረምሩ ይዘጉታል።

ከኮናኙ ወገን እንጀምር። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ ቶርስታይን ቬብለን እ.ኤ.አ. በ1899 ባሳተመው መጽሐፍ ሰዎች ዕቃ የሚገዙት ለመገልገል ብቻ ሳይሆን ለመታየትም እንደሆነ፣ ብክነቱ ራሱ የማዕረግ ማስታወቂያ እንደሚሆን አሳይቷል። ይህን ለመረዳት ግን አሜሪካ መሄድ አያሻም። ከመኪና በፊት በኢትዮጵያ የማዕረግ ምልክት ያጌጠች በቅሎ ነበረች። በ1900 ዓ.ም. ገደማ እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ ከጅቡቲ ተነሥቶ መኪና ይዞ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ከተማ በደረሰ ጊዜ የበቅሎይቱ ማዕረግ ቀስ በቀስ ወደ ብረቱ መሸጋገር ጀመረ። ከዚያ ወዲህ መኪናው ሰውየው ከመድረሱ በፊት ስለ ሰውየው የሚናገር አዋጅ ነጋሪ ሆነ።

አዋጅ ነጋሪው ግን ሁልጊዜ እውነት አይናገርም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን ወርደው ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በትንሽ ቮልስዋገን ነበር። ከአንድ ቀን በፊት የነበሩት ሰውና በዚያ ቀን የተወሰዱት ሰው አንድ ናቸው፤ የተለወጠው ሥልጣናቸውና የተሳፈሩበት መኪና ነው። በዚያ የታሪክ ድርጊት ላይ ማንም ማንኛውንም ፖለቲካዊ ፍርድ ቢሰጥ አንድ ነገር ግልጽ ሆኖ ይታያል፤ ምልክት ከሰው ላይ እንደ ካባ ይወልቃል። የሚወልቅ ነገር ደግሞ የሰውየው አካል አልነበረም። ከላዩ የወለቀው የባለጸጋ ካባ ያገኘው ሰው ካባውን አገኘ እንጂ ባለጸግነትን አላገኘም።

እስከዚህ ድረስ ኮናኙ ወገን የረታ ይመስላል። ይሁን እንጂ አንድ ነገር ዘንግቷል፤ መምህሩ የወደደው ምልክቱን ብቻ ላይሆን ይችላል። በደንብ የተሠራ ነገርን መውደድ ከንቱነት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል የተመረተውና ደብሊው 123 የሚል የፋብሪካ መጠሪያ የነበረው ማርቸዲስ 2.7 ሚሊዮን ገደማ ተሠርቷል። ከነዚህም ውስጥ በናፍጣ የሚሠሩት ብዙዎቹ በአፍሪካና በእስያ ከተሞች ለአሥርተ ዓመታት በታክሲነት ኖረዋል። ቀላሉ የናፍጣ ሞተሩ አንዴ ከተነሣ በኋላ ሥራውን ለመቀጠል ኤሌክትሪክ እንኳ አይጠይቅም። እንዲህ ያለውን መኪና የቀረጹ መሐንዲሶችና የገጣጠሙ ሠራተኞች ለሙያቸው ያሳዩት ታማኝነት በብረቱ ውስጥ ይነበባል። የሸማኔን ጥለት፣ የአንጥረኛን መስቀል የሚያደንቅ ሰው ይህንንም ማድነቁ ተገቢ ነው። ውበትና ጥራት የባለጸጋ ርስት ብቻ ናቸው፤ ድኻ ዘላቂነትን እንጂ ውበትን መሻት የለበትም የሚል ሥነ ምግባር ራሱ ፍትሕ የጎደለው ነው።

እንግዲህ ክርክሩ በፍላጎቱ ላይ ሳይሆን በሌላ ነገር ላይ ነው፤ ይኸውም በዕውቀት ላይ ነው። በአሮጌ የቅንጦት መኪና ውስጥ የተሸሸገ አንድ ቅራኔ አለ። መኪናው በዕድሜው ብዛት ከዋጋው ወርዷል፤ የመለዋወጫው ዋጋ ግን አልወረደም። መኪናው ወደ መምህሩ ኪስ ዝቅ ብሎ መጥቷል፤ ፍሬኑ፣ ካምቢዮው፣ ራዲያተሩና መሪው ግን እንደ ድሮው የባለጸጋ ዕቃ ሆነው ቀርተዋል። በሌላ አነጋገር ገዢው የሚከፍለው የዛሬውን የመኪናውን ዋጋ ሲሆን የሚጠብቀው ግን የትላንቱን መኪና ነው። የቀድሞው ባለቤት መኪናውን የሸጠው ስለ ጠላው ላይሆን ይችላል፤ ቀጣዩን የጥገና ወጪ ከገዢው ቀድሞ ስላወቀ ሊሆን ይችላል።

ይህ ቅራኔ ባለፉት ጥቂት ዓመታት በኢትዮጵያ ይበልጥ ከርሯል። አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገለ ተሽከርካሪ ዕድሜው በጨመረ ቁጥር የሚከፈልበት ኤክሳይዝ ታክስም ከፍ እንዲል አደረገ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ በአገር ውስጥ ያለው የቤንዚንና የናፍጣ መኪና ወንዙ እንደ ተገደበበት ሐይቅ ሆነ፤ ያው መኪና ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል እንጂ አዲስ አይጨመርበትም። በዚያው ዓመት ከሐምሌ 22 ቀን ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር የሚጠይቀው ብር በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ሆነ፤ ከውጭ የሚመጣው መለዋወጫም ከዶላሩ ጋር ወጣ። በዚህ ተጨባጭ ሁኔታ ውስጥ «በርካሽ አገኘሁት» የሚለው ቃል ግማሽ ዓረፍተ ነገር ነው። ሌላውን ግማሽ የሚጨርሰው መካኒኩ ነው።

የስምጥ ሸለቆ አየርና ምድር ደግሞ የራሳቸውን ፈተና ይጨምራሉ። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ወደ መተሐራና ወደ አዋሽ ሲወረድ ቆላው ይበረታል። ቁልቁል በዝምታ የወረደ አሮጌ ሞተር ሽቅብ ሲመለስ ገመናው ይገለጣል። የአካባቢው የጉድጓድ ውኃ በማዕድን የበለጸገ መሆኑ ይታወቃል፤ ያን ውኃ ያለ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ በራዲያተር ውስጥ ዓመት ከዓመት የሚጨምር ሰው በቡና ጀበና ውስጥ እንደሚጋገረው ያለ ዝቃጭ በሞተሩ ደም ሥር ውስጥ ያስቀምጣል። ሞተር ሞቀ ሲባል ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል የተለመደ መድኃኒት ነው፤ ነገር ግን በሽታውን ሳይሆን የበሽታውን ምልክት ያጠፋል። ለጀርመን አስፋልት ዝቅ ብሎ የተቀረጸ ሆድም በየሰፈሩ በተገነባው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ይቧጠጣል።

እንግዲህ አቅሙ የተወሰነ ሰው የቅንጦት መኪና እንዳይገዛ ይከለከል ማለት ነውን? አይደለም። መምረጥን ይወቅ ማለት ነው። በምርጫው ውስጥ የመጀመሪያው ሕግ ከማዕረጉ ይልቅ አያያዙን ማስቀደም ነው። በአንድ ጠንቃቃ ሰው እጅ የኖረ ዝቅተኛ ሞዴል፣ በአምስት ግዴለሽ እጆች ካለፈ ከፍተኛ ሞዴል ይሻላል። ሁለተኛው ሕግ ቀላልነትን መምረጥ ነው። በዕድሜ ብዛት የሚጎዳው ምቾትን ለመጨመር የተደረደረው ነገር ነውና በአየር የሚነሣ የሚወርድ እገዳ፣ በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀስ ወንበር፣ ብዙ ኮምፒዩተር ያለው መኪና ለመጀመሪያው ባለቤት ድሎት፣ ለአራተኛው ግን ዕዳ ነው። ደብሊው 123ን የተካው ደብሊው 124 የተመሰገነ ሥራ ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የመጀመሪያ አጋማሽ በተሠሩት ላይ የሞተሩ ሽቦ ልባስ በሙቀት ደርቆ እንደሚፈረፈር በሙያተኞች ዘንድ የታወቀ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣውም ሞዴል በዝገት ይታማል። ስለዚህ «ማርቸዲስ ነው» ማለት ብቻውን ምንም ማለት አይደለም፤ የትኛው፣ የመቼው፣ በማን እጅ የኖረው መባል አለበት።

ሦስተኛው ሕግ በዓይን ከማየት አልፎ መመርመር ነው። ሞተሩ ቀድሞ ሞቆ እንዳልቆየ ኮፈኑን በእጅ ዳስሶ ማረጋገጥና ቀዝቃዛውን ማስነሣት ያሻል። ሰማያዊ ጢስ ዘይት እየነደደ መሆኑን፣ ጥቁር ጢስ ነዳጁ በቅጡ አለመቃጠሉን፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማያቋርጥ ነጭ ጢስ ውኃ ወደ ሲሊንደር መግባቱን ያመለክታል። በዘይት መሙያው ክዳን ላይ የወተት መልክ ያለው አረፋ ከታየ ውኃና ዘይት ተቀላቅለዋል ማለት ነው። በስቱኮ የተሞላ ገላ ማግኔት አይዝም። ሰዓቱ ላይ የሚነበበው ኪሎ ሜትር ጥቂት ሆኖ የፍሬን መርገጫው ላስቲክ ካለቀ አንዱ እየዋሸ ነው፤ ላስቲክ ደግሞ መዋሸት አያውቅም። የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ከሊብሬው ጋር መመሳከር፣ ዕዳና እገዳ አለመኖሩ መጣራት፣ ስሙም በውክልና ብቻ ሳይቀር በሕግ መዛወር አለበት። ከሁሉም በላይ ያለው ገንዘብ ሁሉ ለግዢው መዋል የለበትም። ከእጁ ካለው ሲሶውን ለመጀመሪያው ዓመት ጥገና ያላስቀመጠ ሰው የገዛው መኪና ሳይሆን የሚቆም ሐውልት ነው። መጥኖ መደቆስ የሚለው የአበው ምክር ለወጥ ብቻ የተነገረ አይደለም።

እስከ አሁን የተነገረው ሁሉ የገዢው ግዴታ ነው። የሻጩስ? ሮማዊው ቺቸሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ስለ ግዴታ በጻፈው መጽሐፍ ቤቱን ስለሚሸጥ ሰው ያነሣው ጥያቄ ለአዳማ የመኪና ገበያ የተጻፈ ይመስላል። ሻጩ የቤቱን ጉድለት ያውቃል፤ ገዢው አያውቅም፤ ሻጩ ዝም ቢል በደለኛ ነውን? ሁለት የጥንት ፈላስፎች በዚህ ተከራክረዋል። የባቢሎኑ ዲዮጋን ዝምታ ማታለል አይደለም፤ ሻጭ ሕግ ያላዘዘውን ሁሉ የመናገር ግዴታ የለበትም ወደሚለው አዘነበለ። አንቲፓጥሮስ ደግሞ ለራስ ጥቅም ሲባል ሌላው እንዳያውቅ ማድረግ ራሱ የሰውን ኅብረት ማፍረስ ነው ወደሚለው ሄደ። ቺቸሮ የፈረደው ለሁለተኛው ነው። የኢትዮጵያም የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው፣ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ እንዲሆን ያስገድዳል።

የዝምታው በደል ደግሞ በገዢው ላይ ብቻ አይቆምም። አሜሪካዊው ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት፣ ምሳሌውን ያገለገለ መኪና አድርጎ፣ ነገሩን በግልጽ አስረድቷል፤ በ2001ም የኖቤል ሽልማት ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ተጋርቷል። ገዢ ደኅናውን መኪና ከበሽተኛው መለየት ሲያቅተው ለሁሉም የሚሰጠው የመካከለኛ ዋጋ ነው። በዚህ ዋጋ ደኅና መኪና ያለው ሰው መሸጡን ይተወዋል፤ በሽተኛ መኪና ያለው ግን በደስታ ያወጣል። ገበያው በዚህ መንገድ እየተበላሸ ይሄዳል። እንግዲህ ሰዓት ወደ ኋላ የሚያዞረው ሻጭ የሚጎዳው አንዱን መምህር ብቻ ሳይሆን የራሱን ጎረቤት ሐቀኛ ሻጭ ጭምር ነው፤ የእውነተኛውን ቃል ዋጋ ያረክሳልና። ደላላው ከሁለቱም ወገን የተለመደ ድርሻውን ሲቀበል የሁለቱንም አደራ እንደተቀበለ ሊያስብ ይገባዋል። መኪናውን ለዓመታት ሲፈታ ሲገጥም የኖረው መካኒክም ምስክር ነው፤ ምስክር ተጠይቆ ሲያድበሰብስ ሐሰተኛ ይባላል።

አሁን «ገንዘቡ የራሱ ነው» ወዳለው ሁለተኛ ወገን እንመለስ። ገንዘቡ በእርግጥ የመምህሩ ብቻ ነውን? በውስጡ የባለቤቱ ላብ፣ የልጆቹ የትምህርት ወጪ፣ የዕቁብተኞቹም እምነት አለበት። ከዚህም ሌላ በአዳማ ሰፈር ውስጥ መኪና ሙሉ በሙሉ የግል ሆኖ አያውቅም። ባለ መኪና ጎረቤት ማለት ሌሊት በሩ የሚንኳኳ ጎረቤት ማለት ነው። ምጥ የያዛት፣ ሕፃን ያተኮሰባት፣ ዘመድ የሞተበት ሁሉ ወደ እርሱ ይመጣል። ዕድሩ ለቀብር ሲወጣ፣ ልጅ ሲዳር፣ ሽማግሌ ሲላክ የእርሱ መኪና ይታሰባል። ይህን ማንም በውል አልጻፈውም፤ ነገር ግን ከተጻፈው ውል ይልቅ የጸና ነው።

የመኪናው ክብር የሚመዘነው በዚህ ሰዓት ነው። ጎረቤቱ «እባክዎ ጋሼ፣ ልጅቱ ተዳክማለች፤ ሆስፒታል ያድርሱን» ብሎ ሲለምን፣ ባለ ጥቁሩ ማርቸዲስ «ባትሪው ደክሟል፤ መለዋወጫውም ከውጭ እየተጠበቀ ነው» ካለ የበሩ የሚያምር ድምፅ ለማን ይጠቅማል? ቪትዙ ወይም ዲኤክሱ አንዴ ቁልፍ ሲዞርለት ተነሥቶ ልጅቱን ካደረሰ የሰፈሩ ሰው በማግስቱ የሚያነሣው የመኪናውን ዓርማ አይደለም፤ የሰውየውን ስም ነው። አሮጌው ማርቸዲስም በደንብ ተጠብቆ፣ በልኩ ተገዝቶ፣ ሌሊት ቢጠራ የሚነሣ ከሆነ ያው ምስጋና ይገባዋል። ልዩነቱ በመኪናዎቹ ማዕረግ ሳይሆን ባለቤታቸው ሊጠብቃቸው በመቻሉና ባለመቻሉ ላይ ነው።

ከዚህ የሚገኘው መልስ ለመምህሩ ይበቃዋል። ማርቸዲሱን ከወደደው ያስመርምረው፤ የመካኒኩን ግምት በወረቀት ያስጽፍ፤ ጥገናውንም ከዋጋው ላይ ደምሮ ድምሩን ከባለቤቱ ጋር ይይ። ድምሩ የልጆቹን ትምህርት የማይነካ ከሆነ የሠራተኞችን ጥበብ አክብሮ የገዛ ሰው ነውና አይወቀስ። የሚነካ ከሆነ ግን ትንሹን ይግዛ፤ ወይም ዕቁቡን ይዞ ይቆይ። ፍላጎትን ማቆየት ፍላጎትን መግደል አይደለም። እግርን በፍራሽ ልክ መዘርጋት ማለትም አጭር ሆኖ መኖር ማለት ሳይሆን ብርድ እንዳይመታ መጠንቀቅ ነው።

በመጨረሻ በሥነ ጥበብ መስክ የተሰለፉ ሰዎች ድርሻ ሳይነሣ መታለፍ የለበትም። በመድረክም ሆነ በፊልም አንድ ገጸ ባሕርይ ተሳክቶለታል ለማለት ከሚያብረቀርቅ መኪና ማውረድ ቀላሉ መንገድ ነው። ተመልካቹም ያንን አጭር ቋንቋ ተምሮ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ በማግስቱም ደላላ ፊት ሲቆም በዚያው ቋንቋ ያስባል። መምህሩ በልቡ ያየው ማርቸዲስ ከጋራዥ ብቻ የመጣ አይደለም፤ ከመድረኩም የመጣ ነው። ስለዚህ ደራሲው ገጸ ባሕርዩን ከመኪናው ሲያወርድ መኪናው በማን ገንዘብ እንደ ተገዛ፣ ሌሊትም ለማን እንደሚነሣ ለተመልካቹ ቢያሳይ፣ በአዳማም ሆነ በሻሸመኔ አንድ ገዢ ከመክፈሉ በፊት ኮፈኑን እንዲከፍት ይረዳዋል።